የአምስት ሽቦ ሥራ በአራት ሽቦ

ኢትዮጵያዊ አሽከርካሪ ሊታጠፍ ሲል «ፍሬቻ አሳየሁ» ይላል። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ቀስት ማለት ነው። በዛሬ መኪና ላይ ግን ብልጭ ድርግም የሚል አምፖል እንጂ ቀስት የሚባል ነገር የለም። ቀስቱ የነበረው ድሮ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት፣ ብዙ የአውሮፓ መኪኖች መታጠፋቸውን የሚያሳውቁት ከበሩ አጠገብ ካለ ስንጥቅ ብድግ ብላ በምትወጣ፣ ውስጧ መብራት ባለባት ትንሽ ክንድ ነበር። እኛ «ቮልስ» እያልን የምናቆላምጣት የጀርመን መኪና እንኳ ለአሜሪካ ገበያ እስከ 1955፣ ለአውሮፓ ደግሞ እስከ 1960 ድረስ ይህችን ክንድ ይዛ ትወጣ ነበር፤ እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ክንዷ ከቀረች ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። ስሟ ግን ከፍሬን፣ ከፍሪሲዮን፣ ከካንዴላና ከባሌስትራ ጋር በጋራዥ ቋንቋችን ውስጥ እንደተቀመጠ ነው።

ዕቃው አልፎ የሚቀረው ቃል ብቻ አይደለም፤ ሽቦም ይቀራል። ለዚህ በአሜሪካ መንገዶች ላይ ጥሩ ምስክር አለ። እዚያ አንድ ሰው ያረጀች ትንሽ ፎርዊል፣ ለምሳሌ እኛ ቪታራ የምንላትን፣ በአሜሪካ ሳይድኪክ ተብላ የተሸጠችውን ሱዙኪ ይዞ፣ ጀልባ ወይም የቤት ዕቃ የሚጭን ትንሽ ተሳቢ ከኋላዋ ሊያስር ቢፈልግ ብረቱ አያስቸግረውም፤ መጎተቻውን በብሎን አጥብቆ ይገላገላል። የሚያደክመው መብራቱ ነው። የተሳቢው ሶኬት ያለው አራት ሽቦ ብቻ ነው፤ ነጩ የኔጋቲቭ መመለሻ፣ ቡናማው የማታ መብራት፣ ቢጫው የግራ፣ አረንጓዴው የቀኝ። የመኪናዋን የኋላ መብራት ፈትቶ ሲያይ ግን የሚያገኘው አምስት ነው፤ ኔጋቲቭ፣ የማታ መብራት፣ ግራ ፍሬቻ፣ ቀኝ ፍሬቻ፣ ደግሞም ለብቻው የቆመ የፍሬን መብራት። ለአምስተኛው በተሳቢው በኩል ማረፊያ የለም። ሰውየው እንደ ጠባዩ ወይ የመኪናዋን ሠሪ ይራገማል ወይ የተሳቢውን። ሁለቱም ግን ያለ ጥፋታቸው ነው የሚረገሙት። እዚህ የተገናኙት ሁለት የየራሳቸው ታሪክ ያላቸው ልማዶች ናቸው። ከሁለቱ አንዱ፣ የአራቱ ሽቦ ልማድ፣ ሲወለድ መኪናን ጠቅሞ ነበር፤ እስከ ዛሬ የኖረው ግን ተሳቢ ከመኪና የረዘመ ዕድሜ ስላለው ነው።

አራቱ ሽቦ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ወደ አምፖሉ መመለስ ያሻል። የጥንቶቹ መኪኖች ከኋላ የነበራቸው ቀይ ፋኖስ ነበር፤ ሥራውም መኪና መኖሩን መናገርና ታርጋውን ማብራት ነው። ፍሬን ሲረገጥ የሚበራው መብራት ቀጥሎ መጣ። ስለ መታጠፊያ ምልክት ታሪክ ሲወሳ የድምፅ አልባ ፊልም ዝነኛ ተዋናይ የነበረችው ፍሎረንስ ሎውረንስ ስሟ ይነሳል። በ1914 ገደማ ቁልፍ ሲነካ የሚነሳና የሚወርድ ክንድ፣ ፍሬን ሲረገጥ ደግሞ ከኋላ ብቅ የሚል የማቆሚያ ሰሌዳ እንደሠራች ይነገርላታል፤ የፈጠራ መብት ግን አላወጣችበትም። ብልጭ የሚል ፍሬቻ ከፋብሪካው ተገጥሞለት በመውጣት ከአሜሪካ መኪኖች የቀደመው የ1939ኙ ቢዊክ ነው። ያኔ ምልክቱ የሚታየው ከኋላ ብቻ ነበር። በ1940 ወደ ፊትም ዞረ፤ መሪው ሲመለስ ራሱን የሚያጠፋ ማብሪያም ተጨመረለት።

የአሜሪካ መሐንዲሶች ትልቁ ብልሃት የታየው ፍሬቻ ለሁሉም መኪና መዳረስ ሲጀምር ነው። የኋላ መብራቱ አምፖል ሁለት ክር ነበረው፤ ደካማዋ ለማታ፣ ጠንካራዋ ለፍሬን። በኋላ በአሜሪካ ጋራዦች 1157 በሚለው ቁጥሩ የታወቀው አምፖል ደካማ ክሩ ወደ 8 ዋት፣ ጠንካራዋ ወደ 27 ዋት ትወስዳለች። እንግዲህ ፍሬቻ ለመጨመር አዲስ አምፖል፣ አዲስ ቀዳዳና አዲስ መስታወት ከማበጀት ይልቅ ጠንካራዋን ክር ሁለተኛ ሥራ ሰጧት። የፍሬኑ ኤሌክትሪክ በቀጥታ ወደ ኋላ መሄዱ ቀርቶ በመሪው ግንድ ላይ ባለው የፍሬቻ ማብሪያ ውስጥ እንዲያልፍ ተደረገ። ማብሪያው መሃል ላይ ሲሆን ኤሌክትሪኩ ለሁለቱም ጎን ይደርሳል። ሹፌሩ ወደ ግራ ሲያዘው የግራው አምፖል ከፍሬኑ መስመር ተቆርጦ ብልጭታውን ከሚሰጠው ፍላሸር ጋር ይገናኛል፤ የቀኙ ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ፍሬን እየያዘ ወደ ግራ የሚታጠፍ መኪና ከኋላ ሲታይ ቀኙ ቀጥ ብሎ ይበራል፣ ግራው ብልጭ ይላል። አንድ አምፖል፣ ሁለት ክር፣ ሦስት መልእክት። ከማብሪያው ወዲያ ወደ ኋላ የሚሄደውም ሽቦ በዚያው ልክ ይቀንሳል። በሚሊዮን የሚቆጠር መኪና ለሚያመርት ፋብሪካ ከእያንዳንዱ መኪና ጥቂት ሜትር ሽቦና ሁለት አምፖል መቀነስ ቀላል ነገር አልነበረም። በዚያ ላይ ቀይ መብራት ብቻ ያለው የመኪና ጀርባ ለዲዛይነሮቹ ዐይን ያምር ነበር።

ተሳቢው ወደዚህ ታሪክ በጅምላ የገባው ከጦርነቱ በኋላ ነው። ከባሕር ኃይል የተሰናበተው ሊዮናርድ ሾን ከባለቤቱ ከአና ሜሪ ጋር በ1945 በዋሺንግተን ግዛት፣ ሪጅፊልድ ውስጥ ዩሆልን መሠረተ። ሐሳቡ ተሳቢን ከአንድ ከተማ ተከራይቶ በሌላ ከተማ መመለስ ነበር። የዚህ ሐሳብ ሸክም በማን ላይ እንደወደቀ እናስብ። የኪራይ ተሳቢ ዛሬ በፎርድ፣ ነገ በሸቭሮሌት፣ ከነገ ወዲያ በማያውቀው መኪና ይጎተታል። ባለንብረቱ ለእያንዳንዱ መኪና የተለየ መብራት ሊሠራለት አይችልም፤ ተሳቢው ሁሉም መኪኖች የሚችሉትን ብቻ እንዲናገር ማድረግ ነበረበት። የጊዜው የአሜሪካ መኪኖች ደግሞ በአብዛኛው ግራና ቀኝን ከፍሬን ጋር አዋሕደው ስለሚናገሩ፣ ሦስት የኤሌክትሪክ ሽቦና አንድ መመለሻ በቂ ሆነ። ከዚያ የጀልባ ተሳቢው፣ የሣር ማጨጃ ተሳቢው፣ የሞተር ብስክሌት ተሳቢው ተከተለ።

የሶኬቱ ቅርጽም ታስቦበታል። አራቱ ቀዳዳዎች በአንድ መስመር የተደረደሩበት ጠፍጣፋ ጎማ ነው። በመኪናው በኩል ኤሌክትሪክ ያላቸው ሦስቱ ተሸፍነዋል፣ ኔጋቲቩ ብቻ ተራቁቷል፤ በተሳቢው በኩል ግን የተገላቢጦሽ ነው። በዚህ የተነሣ ተሳቢው ሳይታሰር ሶኬቱ ተንጠልጥሎ ብረት ቢነካ ፊውዝ አይቃጠልም፤ አዙሮ መሰካትም አይቻልም። እንዲህ ያለ ርካሽ፣ ቀላልና የማያሳስት ዕቃ አንዴ ከተሠራ ወዲያ በሌላ መተካቱ ከባድ ነው።

አውሮፓ ሌላ መንገድ ሄደች፤ የኔ ግምት ቀስቲቱ መንገዱን ሳትጠርግላት አልቀረችም የሚል ነው። ክንዷ ከፍሬን መብራት ጋር ምንም ዝምድና አልነበራትም፤ የቆመችው ከበሩ ጎን ነው፣ ማብሪያዋም ሽቦዋም የራሷ ነው። በብልጭታ አምፖል ስትተካም ለብቻዋ የመናገር ልማዷ ከእሷ ጋር ወደ መኪናው ጀርባ ዞረ። በ1968 በቪየና የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ፍሬቻን ብርቱካናማ ሲያደርገው ነገሩ ተቋጨ፤ ፍሬን ቀይ፣ ፍሬቻ ብርቱካናማ፣ ሁለቱ በአንድ ክር አይገናኙም። የተሳቢው ሶኬትም ይህንኑ ተከተለ። በብሪታንያ 12ኤን የሚባለው ባለ ሰባት ቀዳዳ ክብ ሶኬት ቢጫው ለግራ፣ አረንጓዴው ለቀኝ፣ ነጩ ለመመለሻ፣ ቡናማውና ጥቁሩ ለሁለቱ ጎኖች የማታ መብራት፣ ሰማያዊው ለጭጋግ መብራት፣ ቀዩ ለፍሬን ነው። የሽቦው ቀለም ከአሜሪካው ጋር ይህን ያህል ተቀራርቦ ሳለ ቋንቋው መለያየቱ ይገርማል። በሁለቱም አገር ቢጫ ግራ ነው፤ የአሜሪካው ቢጫ ግን ፍሬንንም አብሮ ይናገራል።

ይህ ሁለተኛው ልማድ ለኢትዮጵያ ሹፌር እንግዳ አይደለም። ከአሰብ እስከ አዲስ አበባ ከነተሳቢው የተመላለሰው የፊያት ኤንትሬም ሆነ በኋላ የመጣው ኢቬኮ ትራከር የአውሮፓን ሥርዓት የተከተሉ ናቸው። አሜሪካም ብትሆን በከባድ መኪናዋ ላይ ሌላ ሕግ አላት። እዚያ ከባድ መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን በየቀኑ የሚሰኩት ባለ ሰባት ቀዳዳ ሶኬት ለፍሬን ብቻ የተመደበ ቀይ ሽቦ አለው። እንግዲህ «አሜሪካኖች ፍሬንና ፍሬቻን መለየት አያውቁም» ማለት አይቻልም። ትራንስፖርት ድርጅቱ መኪናውንም ተሳቢውንም ራሱ ገዝቶ ራሱ ስለሚያዛምድ መለየቱ አላስቸገረውም። አራቱ ሽቦ የጸናው መኪናው የአንድ ሰው፣ ተሳቢው የሌላ ሰው ሊሆን በሚችልበት በትንሹ ተሳቢ ዓለም ነው።

ሁለቱ ልማዶች ፊት ለፊት የተጋጠሙት የጃፓን ትንንሽ ፎርዊሎች አሜሪካ ሲገቡ ነው። ሱዙኪ ሳሙራይ በ1985 መጨረሻ፣ ሳይድኪክ በ1989፣ ቶዮታ ራቭፎር በ1996 ሞዴል ወደዚያ ገበያ ገቡ። መኪኖቹ የተነደፉት ለብዙ አገር በመሆኑ የኋላ ፍሬቻቸው እንደ አውሮፓ ብርቱካናማና ለብቻው የቆመ ነበር። የአሜሪካ ሕግም አልከለከላቸውም፤ ከ1968 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል የተሽከርካሪ ደኅንነት ደረጃ ቁጥር 108 የኋላ ፍሬቻ ቀይ ወይም ብርቱካናማ እንዲሆን ይፈቅዳል። ሕጉ ለሁለቱም ልማዶች በሩን ሲከፍት አስተርጓሚ አላዘጋጀም። አስተርጓሚውን ገበያው አመጣው፤ በአሜሪካ ኮንቨርተር የሚሉት፣ በእጅ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ጥቁር ሳጥን ነው። ከመኪናው የግራውን፣ የቀኙን፣ የፍሬኑንና የማታውን ሽቦ ይቀበላል፤ ወደ ተሳቢው የሚልከው ቢጫ፣ አረንጓዴና ቡናማ ብቻ ነው። ግራ ፍሬቻ ሲሠራ በግራው በኩል የፍሬኑን መልእክት አግዶ ብልጭታውን ያሳልፋል። አንባቢ ያስተውል እንደሁ፣ ይህ ከላይ ያየነው የድሮው የመሪ ግንድ ማብሪያ ሥራ ነው። በመዳብ ምላስ ይሠራ የነበረውን አሁን ትራንዚስተር ይሠራዋል።

እዚህ ላይ አንድ ባለሙያ «ታሪኩ ለምን ያስፈልገኛል? መሞከሪያ አምፖልና ናስትሮ ካለኝ ሽቦውን ራሱን ጠይቄ አገኘዋለሁ» ሊል ይችላል። እውነት አለው፤ የትኛው ሽቦ መቼ ኤሌክትሪክ እንደሚያገኝ መሞከሪያው ይነግረዋል። ከተሳቢው ወገን ምን እንደሚጠበቅ ግን አይነግረውም። ግራውን ከቢጫ፣ ቀኙን ከአረንጓዴ ጋር አገናኝቶ ቢተወው ተሳቢው ፍሬቻ ያሳያል፣ ፍሬን ግን አያሳይም፤ ከኋላ የሚመጣው ሰው የመኪናዋን መብራት ተሳቢው ስለከለለበት መቆሟን አያውቅም። ይህን አይቶ የፍሬኑን ሽቦ ከሁለቱም ጋር አንድ ላይ ቢጠመዝዘው ደግሞ የባሰ ይመጣል። የኋላው ፍሬቻ ሽቦ ከፊተኛው ጋር የተያያዘ ነውና ፍሬን ሲረገጥ የፊት ፍሬቻዎች ሳይቀሩ ይበራሉ፤ ግራ ሲያሳይ ኤሌክትሪኩ በመገናኛው ዞሮ ቀኙንም ብልጭ ያደርገዋል። ሳጥኑ በመካከል መግባት ያለበት ለምን እንደሆነ የሚገባው የሁለቱን ወገን አመጣጥ ያወቀ ነው።

የጉልበት ጉዳይም አለ። ሁለት የተሳቢ አምፖሎች ፍሬን ሲያዝ ከ4 አምፔር በላይ ይስባሉ፤ የትንሿ ፎርዊል ሽቦና ፊውዝ ግን የተሰላው ለራሷ አምፖሎች ነው። ስለዚህ ደህና ኮንቨርተር የመኪናዋን ሽቦ ለመስማት ብቻ ይጠቀምበታል፤ ጉልበቱን በራሱ ፊውዝ በኩል ከባትሪ ያመጣል። አሮጌው ፍላሸር በዚህ ረገድ የሚያስቅ ጠባይ ነበረው። በሙቀት የሚታጠፍ ብረት ስለሚሠራበት ጭነት ሲበዛ ይፈጥናል፤ አንድ አምፖል ሲቃጠል ግን ይዘገያል ወይም ጨርሶ ይቆማል፣ ሹፌሩም አምፖል መቃጠሉን በዚያ ያውቃል። ተሳቢ ሲታሰር ፍጥነቱ እንዳይለወጥ ጭነት የማይነካው ፍላሸር ይገባል፤ ያ ሲገባ ደግሞ የተቃጠለ አምፖልን የሚያጋልጠው ምልክት ይጠፋል። ደረጃ ቁጥር 108 ራሱ ተሳቢ ለመጎተት የተሰናዳ ተሽከርካሪን ከዚህ ማስጠንቀቂያ ግዴታ ነፃ አድርጎታል። ሕግ ለተሳቢ ሲል መኪናን ከግዴታ ሲያሳርፍ፣ ከሁለቱ የትኛው ለየትኛው እንደሚታጠፍ በግልጽ ያሳያል።

ነጩ ሽቦም ቢሆን የራሱ ታሪክ አለው። ከቀድሞዎቹ ትንንሽ ተሳቢዎች ብዙዎቹ ለመመለሻ ሽቦ አልተዘረጋላቸውም፤ ኤሌክትሪኩ በመጎተቻው ኳስ በኩል በብረት ለብረት ንክኪ ይመለስ ነበር። ኳሱ ግን ግሪስ ይቀባል፣ ይዝጋል፣ በጉድጓድ ላይ ይነጥራል። መመለሻው በተቋረጠ ቁጥር በጠንካራዋ ክር የገባው ኤሌክትሪክ መውጫ ሲያጣ በዚያው አምፖል ደካማ ክር ዞሮ ወደ ማታው መብራት መስመር ይገባል፤ ግራ ሲያሳዩ ቀኙም በደብዛዛው የሚጠቅሰው በዚህ ምክንያት ነው። በአሮጌ ተሳቢ ላይ መብራት አበደ ሲባል ባለሙያዎች መጀመሪያ ነጩን ሽቦ የሚፈትሹት ለዚህ ነው። ይህ ችግር በአውሮፓው ሶኬትም ይደርሳል፤ በአሜሪካው የሚከፋው ግን አንዲት ክር ሁለት መልእክት ስለተሸከመች ስህተቱ ሁለቱንም አንድ ላይ ስለሚያጠፋቸው ነው።

ከዚህ የሚከብድ ተቃውሞም አለ። ቀይ ፍሬቻ የቁጠባ ልጅ ከሆነ፣ ብርቱካናማው ደግሞ የተሻለ ከሆነ፣ ለምን በሕግ አይቀርም? የተሻለ ለመሆኑ ማስረጃ አለ። የአሜሪካ የመንገድ ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር በ2009 ባወጣው ጥናት ብርቱካናማ የኋላ ፍሬቻ ያላቸው መኪኖች ሲታጠፉ ከኋላ የመገጨታቸው ዕድል ቀይ ካላቸው በ5.3 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም እንደ አሜሪካ ባለ የመኪና ብዛት ላይ ሲሰላ ትንሽ አይደለም። በኔ ዕይታ ለአዲስ መኪና ተቃውሞው ትክክል ነው። ለተሳቢው ግን ምንም አይፈታለትም። ነገ ጠዋት ሁሉም አዲስ መኪና ብርቱካናማ ይሁን ቢባል፣ በየጓሮው የቆመው ተሳቢ እንዳለ ይቆያል። ሞተር የለው፣ ማርሽ የለው፤ ጎማውን እየለወጡ ብረቱ እስኪበሰብስ ይጎትቱታል። አንድ ተሳቢ የሦስት ወይም የአራት መኪና ዕድሜ ሲያይ፣ የሚሰኩበት ሶኬት የጀማሪዋን መኪና ቋንቋ ይናገራል። ውጤቱ ቀይ ፍሬቻ ከመኪና ላይ ጠፍቶ በተሳቢ ላይ መኖሩ፣ ኮንቨርተርም ለሁሉም መኪና አስፈላጊ መሆኑ ብቻ ነው።

ሌላው ጥያቄ፣ ቁጠባው ምክንያት ከሆነ ምክንያቱ ሲቀር ልማዱ ለምን አልቀረም የሚለው ነው። ክርክሩ የሚፈተነውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ምክንያቱ የቀረበትን ዓመት እናውቀዋለን። ከ1986 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ የቤት አውቶሞቢል ሁሉ መሃል ከፍ ብሎ የሚቀመጥ ሦስተኛ የፍሬን መብራት እንዲኖረው ተገደደ፤ ከ1994 ሞዴል ወዲህ ግዴታው እንደ ሳይድኪክ ያሉትን ቀላል ፎርዊሎችና ፒክአፖች ጨመረ። ያ መብራት ብልጭ ማለት አይገባውምና በፍሬቻ ማብሪያ ውስጥ የማያልፍ ንጹሕ የፍሬን ሽቦ እስከ መኪናው ጀርባ መዘርጋት ነበረበት። ፍሬንና ፍሬቻን አዋሕዶ በሚናገር የአሜሪካ መኪና ላይ እንኳ አምስተኛው ሽቦ መጣ ማለት ነው። ሽቦ ለመቆጠብ ተብሎ የተጀመረው ነገር በዚያ ቀን ምክንያቱን አጣ፤ ሶኬቱ ግን አልተነካም። ቁጠባው ልማዱን ወልዶ ሄዷል፤ ያሳደገው የተሳቢው ዕድሜ ነው።

ዛሬ የአሜሪካ ፒክአፕ ከፋብሪካው ሰፊ ሶኬት ተገጥሞለት ይወጣል፤ ኮንቨርተሩም ከሳጥን ወጥቶ በኮምፒውተሩ ውስጥ የተጻፈ ትእዛዝ ሆኗል። ያ ሶኬት ሰባት ቀዳዳ አለው። አራቱ የምናውቃቸው ናቸው። ከተጨመሩት ሦስቱ አንዱ ለተሳቢው ኤሌክትሪክ ፍሬን፣ አንዱ ለባትሪ ኃይል፣ መሃል ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ሲኬድ ለሚበራው መብራት ተሰጠ። ለፍሬን መብራት የተሰጠ ቀዳዳ የለም፤ ዛሬም በቢጫውና በአረንጓዴው ተከፋፍሎ ይሄዳል።